ሦስት ቀን ዝም ያለ ተስማምቷል

ፓናውቲ፣ ከባቱሊ ወተት ቤት ጓሮ
የቲሃር በዓል ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ? ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ ዘንድሮ እንዴት አደረገሽ? የአባትሽ ቤት ጣሪያ አሁንም በማድ ቤቱ በኩል ያፈሳል? የጓሮው የሎሚ ዛፍስ አፈራ ወይስ እንደ ልማዱ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ የደብዳቤ ወግ ለማድረስ ብቻ አይደለም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ መጠየቅ ሲገባኝ ያልጠየቅሁት ተጠራቅሞብኝ ነው። የእኔን ጠይቀሽኝ እንደሆነ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። የቀረውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

ኒርማያ ሰላም ትልሻለች። እውነቱን ለመናገር ሰላምታውን አልላከችም፤ ወደዚህ መምጣቴንም አታውቅም። ብታውቅ ግን «ጉንጯን ሳምልኝ» እንደምትል ስለማውቅ እኔው ጨመርኩልሽ። ቶያናትም ደህና ነው። ያው እንደምታውቂው እያኮረፈ ደህና ነው።

በወረቀት ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ! እጅ ጽሑፌን «የዶሮ ጭረት» ትይው ነበር። አሁንም ያው ነው፣ ታገሺው። በኢሜይል ያልጻፍኩልሽ ለምን እንደሆነ ከታች ስትደርሺ ይገባሻል።

እንዴት እንደተዋወቅን ታስታውሻለሽ? ፓታን ውስጥ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በራሪ ወረቀት ልታባዢ መጣሽ። ማሽኑ እስኪጨርስ አንዱን አንስቼ አነበብኩት። ጁንኪሪ የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም አለ፤ በኔፓልኛ ይሠራል፤ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፤ ክፍያ የለውም ይላል። እኔም ብልጥ መስዬ «ነጻ ነው ካልሽ ታዲያ ውስጡ ምን ተደብቆ ነው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። በሳቅ ፈረስሽ። «የኔ ጌታ፣ ምንም አልተደበቀማ! ነገሩ ሁሉ እሱ ነው!» አልሽኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከቶያናት መጻሕፍት ቤት ፎቅ ላይ ና አልሽኝ። መጣሁ፣ ስድስት ዓመት ቀረሁ።

ሰው «ምንድን ነው የምትሠሩት?» ሲለን መልስ ያጥረን ነበር። ፕሮግራሙን የሚጽፉት በየአገሩ የተበተኑ ኮድ ጸሐፊዎች ናቸው። እኛ የምናስተዋውቀው ነን። ፖስተር የምንሰቅል፣ ትምህርት ቤት እየዞርን የምናሳይ፣ አዲስ እትም ሲወጣ ዜና የምንጽፍ፣ ባገኘነው ግድግዳ ላይ ስቲከር የምንለጥፍ። ያ ኮድ ጸሐፊ ከቢራትናጋር መጥቶ «እናንተ ለጣፊዎች፣ እንዴት ናችሁ?» ሲለን ቶያናት ሻዩን ትቶ ተነሳ። አንቺ ግን አንድ ስቲከር ልጠሽ የሰውየው ግንባር ላይ ለጠፍሽበት። ሰውየው ስቲከሩን ሳያነሳ እስከ አውቶቡስ ተራ ሄደ። ደሞዝ የለን፣ ቢሮ የለን፣ አለቃ የለን። አንቺ «አስተባባሪ» ትባዪ ነበር እንጂ አንድ ቀን «አድርጉ» ስትዪ አልሰማሁም። «ማን ይችላል?» ነበር የምትዪው። ሁላችንም እጃችንን እናወጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዱሊኬል ያለው ትምህርት ቤት ትዝ ይልሻል? ጁንኪሪን ልናሳይ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ዳገቱን ወጥተን ስናበቃ መብራት ጠፋ። እኔ እቃ መሸከፍ ጀመርኩ። አንቺ ጠመኔ አንስተሽ የፕሮግራሙን ገጽ ከነቁልፎቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሳልሽው። ልጆቹ እየተሰለፉ ሰሌዳውን በጣታቸው ይጫናሉ፣ አንቺ እያጠፋሽ ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ ትስያለሽ። አንዲት ልጅ «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን «በቃ፣ ተቀምጧል፣ አይጠፋብሽም» አልሻት። ከዚያ ትምህርት ቤት በኋላ ሁለት አስተማሪዎች የቡድኑ አባል ሆኑ።

ደንቡንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ስብሰባችን ማለቂያ አልነበረውም። ለአንድ ፖስተር ቀለም ሦስት ቅዳሜ ተጨቃጭቀናል፤ ቶያናት «ቢጫ የበሽተኛ ቀለም ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ያኔ ነው ይህን ያመጣሽው። ሐሳብ ያለው ሰው በኢሜይል ግሩፑ ላይ ይጻፍ። «ቆዩ» የሚል አንድ ሰው እንኳ ከተገኘ ቆጠራው ይቆምና እንነጋገራለን። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ካልተናገረ ግን ሐሳቡ ጸደቀ። ፖስተሮቻችንን የምትስለው ኒርማያ በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ሦስት ቀን ዝም ያለ ተስማምቷል። ቶያናት መነጽሩን አውልቆ «ዝም ያለው ሰው ታሞ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም «ታዲያ እኛ ምን ሠራን? ሦስት ቀን ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ ሄደን በሩን እናንኳኳለና!» አልሽው። ይህኛው ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ማንም መጻፍ ያስፈልገዋል ብሎ አላሰበም።

ወንድም የለሽም፣ እኔም እህት የለኝም። በሁለተኛው ዓመት የቲሃር በዓል ላይ፣ እህቶች የወንድሞቻቸውን ግንባር በሚቀቡበት ቀን፣ «ካንቻ፣ ግንባርህን ወዲህ አምጣ» አልሽኝ። እዚያ ፎቅ ላይ ሌላ ስም አልነበረኝም፤ ካንቻ፣ የቤቱ ትንሽ ልጅ። ምንጣፍ ላይ አስቀምጠሽ፣ ሞት እንዳይደፍረኝ ዘይትና ውሃ እያንጠባጠብሽ ሦስት ጊዜ ዞርሽኝ። ክፉ ነገር እንዳይገባብኝ ደጃፉ ላይ ጠንካራውን ፍሬ በድንጋይ ሰበርሽልኝ። ሰባቱን ቀለም ግንባሬ ላይ አወረድሽው፣ ያን የማይጠወልግ ሐምራዊ አበባ አንገቴ ላይ አጠለቅሽልኝ። አራት ዓመት እንደዚያ ቀባሽኝ። የመጨረሻው ጉንጉን እስካሁን ቤቴ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ላወርደው እጄን አንስቼ የመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ መጥፎው ልግባ።

አባትሽ የታመሙ ጊዜ አንቺ ሳምንቱን ፓናውቲ ትውያለሽ፣ ቅዳሜ ብቻ ትመጫለሽ። አዲሱ እትም የሚወጣበት ወር ነበር። ለአርባ ትምህርት ቤቶች ፖስተር እንልካለን ብለን ቃል ገብተን ነበር፤ ወደ ማተሚያ ቤት የምትልኪው አንቺ ነበርሽ፣ ረሳሽው። አባቷን የምታስታምም ሰው ፖስተር ብትረሳ ምን ይደንቃል? ያን ጊዜ ግን እንደዚያ አልታየኝም። ኮድ ጸሐፊዎቹ ግሩፑ ላይ «ለጣፊዎቹ የት ገቡ?» ብለው ሲጽፉ ፊቴ ጋለ። ቅናትም ነበረብኝ፣ ልደብቅሽ አልችልም። የምለፋው እኔ፣ ሰው የሚጠይቀው አንቺን። ምንም ሐሳብ ባመጣ «እሷ ምን አለች?» ይሉኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ካንቻ ነኝ። ሠንጠረዥ ያለው፣ የጊዜ ገደብ ያለው፣ ክፍል ክፍል የተመደበ ቡድን በሐሳቤ ሠርቼ መሪው ላይ እኔን አስቀመጥኩ።

እሑድ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ እንዲህ ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፤ አስተባባሪያችን ስለደከመች የአስተባባሪነቱን ሥራ እኔ እንድይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፣ እስከ ረቡዕ ጠዋት ተቃውሞ ካልቀረበ ጸድቋል። አንቺን አላማከርኩሽም። ስልክ አንስቶ «እታለም፣ እንዲህ አስቤያለሁ» ማለት ምን ነበረበት? ፊትሽን ማየት፣ ድምፅሽን መስማት ፈራሁ፤ ደንቡ ደግሞ አያስገድደኝም።

አባትሽ የዚያኑ ዕለት ንጋት ላይ ማረፋቸውን አላውቅም ነበር። ሌላውን ባታምኚኝ ይህን እመኚልኝ፤ እሑድ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ቀትር ላይ አወቅሁ። ኒርማያ ቀለም በነካው እጇ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ እየሮጠች መጣች። የፓናውቲ ዘመዷ ነግሯት ነው። አባትሽ እንዳረፉ፣ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ወንዝ ዳር አስከሬናቸው የሚቃጠልበትን እሳት ራስሽ እንደለኮስሽ፣ አጎቶችሽም «ሴት ልጅ ይህን አታደርግም» ብለው ተቆጥተው እንደሄዱ ነገረችኝ። ደውላልሽ ስልክሽ ዝግ ነው። «ያንን ሐሳብህን ቆዩ በለው፣ እኔ ልጻፈው እንዴ? እንሂድ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? አነጋግሬያታለሁ አልኳት። ከቤተሰቧ ጋር ብቻዋን ልትቀመጥ ትፈልጋለች፣ ማንም እንዳይመጣ ብላለች አልኳት። ኒርማያ እያለቀሰች ተመለሰች፤ ለቶያናትም የነገረችው እሷ ናት። ማንም ያልመጣብሽ ለዚህ ነው እታለም። ሌላ ምክንያት አልነበረም፤ ሰዎችሽ ሊመጡ ነበር።

ለምን? ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ረቡዕ ይለፍና ሐሙስ እሄዳለሁ፣ አብሬያት አለቅሳለሁ፣ ሁሉን እነግራታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሐሙስ ሲመጣ ምን ፊት ይዤ ልሂድ?

ማክሰኞ የሆነውን ደግሞ ስሚ። ግሩፑ በር እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ከማያውቀው አድራሻ የመጣ መልእክት ዝም ብሎ አይገባም፣ በረኛው እስኪከፍትለት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በረኛው እኔ ነበርኩ። የሾምሽኝም አንቺ ነሽ፤ «ካንቻ ሰው በር ላይ አያቆምም» ብለሽ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ መልእክት በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ርዕስ የለውም። ላኪው «ባቱሊ ወተት ቤት፣ ፓናውቲ» ይላል። ማስታወቂያ መስሎኝ ነው ልልሽ እችል ነበር፤ ለራሴ እንደዚያ ስል ነው የከረምኩት። ግን ፓናውቲ የሚለውን አንብቤዋለሁ። ከፓናውቲ ለእኛ ግሩፕ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ? «ቆዩ» ልትዪ የጻፍሽ መሰለኝ። አንድ ቃልሽ ከገባ ቆጠራው ይቆማል። አልከፈትኩትም። አልሰረዝኩትም። እዚያው ተውኩት።

ረቡዕ ጠዋት «ተቃውሞ ስላልቀረበ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ቶያናት ብቻ «እንኳን ደስ ያለህ አለቃ» ብሎ መለሰልኝ። አለቃ የሚለውን ሲጽፍ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው ሳላየውም አውቀዋለሁ።

ከዚያማ መራሁ። የስቲከር ክፍል ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ፣ የዜና ኃላፊ፣ የዕቅድ ኃላፊ። ሰባት ሰው ሆነን ስምንት ኃላፊ ነበረን፤ ሁለቱ እኔ ነበርኩ። ሠንጠረዡ ሲያምር! «አድርጉ» አልኩ፣ «እስከ ዓርብ» አልኩ። «ማን ይችላል?» ያልኩበት ቀን የለም። ዱሊኬል ሄድኩ፣ መብራት ጠፋ፣ እቃዬን ሸክፌ ተመለስኩ። ልጆቹ ሰሌዳውን እያዩ ቀሩ። ኒርማያ አንድ ቅዳሜ ብሩሽዋን ረስታ ሄዳ ለመውሰድ እንኳ አልተመለሰችም። ቶያናት ፎቁን ጫማ ለሚያከማች ሰው ሰጠው። ቲሃር ሲመጣ አንቺ ሐዘን ላይ ነበርሽ፣ ዓመቱ እስኪሞላ የሐዘን ነጭ የለበሰ ሰው በዓል የለውም። ያልቀባችኝ ለዚያ ነው፣ በቃ ለዚያ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አንቺም ወደ ግሩፑ አልተመለስሽም፤ ሐሳቡ አስቀይሟት ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ቂመኛ አደረግሁሽ።

ማሽኑ ግን አልረሳም። በረኛን የማስታወስ ሥራ አለው። በየጠዋቱ «አንድ መልእክት በር ላይ እየጠበቀ ነው» ብሎ ይጽፍልኛል። ሻይዬን ይዤ አነበዋለሁ፣ አልፈዋለሁ። በየቀኑ። ከአራት መቶ ጠዋት በላይ እንደዚያ አደረግሁ።

በመጨረሻው ጊዜ ያቀረብኩት ሐሳብ ሁሉ ይጸድቅልኝ ጀመር። አንድ ተቃዋሚ የለ! ጎበዝ መሪ ወጣኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ባለፈው ወር ግን አንድ ነገር ጠረጠርኩና «ከዛሬ ጀምሮ ፖስተሮቻችን ሁሉ ተገልብጠው እንዲሰቀሉ ሐሳብ አቀርባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። በደንባችን መሠረት ጸድቋል እታለም፤ እስካሁን ተገልብጠው መሰቀል አለባቸው። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ እውነትም ብቻዬን መሆኔ ገባኝ። መቼ ተነስተው እንደሄዱ እንኳ አላየሁም።

ግሩፑ እንዲዘጋ ለዋናዎቹ ኮድ ጸሐፊዎች ጻፍኩላቸው። ሲዘጋ በረኛው በሩን ባዶ ማድረግ አለበት፤ ወይ ማስገባት ወይ መጣል። ትናንትና ጠዋት ከፈትኩት። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የራስሽን ቃል መልሼ ልጻፍልሽ።

«ካንቻ፣ አባባ እሑድ አረፈ። እኔ እየነገርኳት ባቱሊ ናት የምትጽፍልኝ፣ እንደምታውቀው በሐዘኑ ሥርዓት እኔ ምንም መንካት አይገባኝም። ስልኬ ወንዙ ዳር በግርግሩ ጠፋ። የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፤ የማውቀው ይህን አድራሻ ብቻ ነው፣ ስንት ወረቀት ላይ ጻፍነው። ሐሳብህን ባቱሊ ለሁሉም ክፍት ከሆነው የግሩፑ ገጽ ላይ አነበበችልኝ። እስማማለሁ። ክረምቱ ሳይገባ እኔው ልለምንህ ይገባኝ ነበር፣ ደክሞኛል። ማንም ቅር እንዳይለው እሷ ናት ያለችው በላቸው። አሁን ሁሉን ተወውና ና። አጎቶቼ ትተውኝ ሄዱ፣ አሥራ ሦስቱን የሐዘን ቀን ብቻዬን ልቀመጥ ነው። ወንድም አለኝ ብያቸዋለሁ።»

ተስማምተሽ ነበር። እኔ በሩን የዘጋሁት አንቺ በእጅሽ ይዘሽልኝ በመጣሽው ነገር ላይ ነው።

በሩን ከፈትኩ፣ መልእክትሽ ገባ። የግሩፑ የመጨረሻ መልእክት ሆኖ ተመዝግቧል። የሚያነበው ሰው የለም። ለኒርማያና ለቶያናት ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ግን ካንቺ በፊት ለማንም መናገር አልቻልኩም። ሱቁን ሳልዘጋ ወጥቼ የፓናውቲን አውቶቡስ ያዝኩ።

ባቱሊን ያገኘኋት የወተት ዕቃ ስታጥብ ነው። ከፓታን ነው የመጣሁት ስላት ዕቃውን አስቀምጣ አየችኝ። «ወንድምዬው አንተ ነህ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! እየሠራች ነገረችኝ። ከማእዘኑ ጭድ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጨው የሌለውን የቀኑን አንድ ምግብሽን ራስሽ እያበሰልሽ እንደከረምሽ፣ ቤቱን የሚረግጥ ሰው እንደጠፋ ነገረችኝ። እሷ ውሃውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ እንድትነካሽ፣ አቅፋ እንድታስለቅስሽ አይፈቀድላትም። አንቺ ግን በየጠዋቱ «ወንድሜ ዛሬ ይመጣል፣ ወተት አስቀምጪልኝ፣ ሻይ ያለ ወተት አይወድም» ትያታለሽ። ግማሽ ሊትር ለብቻ ታስቀምጣለች። ሲመሽ ወደ እርጎው ትገለብጠዋለች፣ ጠዋት እንደገና ታስቀምጣለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሐዘኑ ሲነሳ፣ የመንጻቱን ውሃ ከነካሽ በኋላ መጀመሪያ የተናገርሽው «እንግዲህ አታስቀምጪ» የሚለውን ነበር አለችኝ።

አንቺ ሞት እኔን እንዳይነካኝ በዘይት ዙሪያዬን ትዞሪ ነበር። ሞት አንቺ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ እኔ ፓታን ሆኜ ቀን እቆጥራለሁ።

ይህን የምጽፈው ከጓሮዋ ሆኜ፣ ባቱሊ በሰጠችኝ ደብተር ላይ ነው። ከዚህ ሆኜ ግቢሽ ይታየኛል። ጠዋት ወጥተሽ በርበሬ አሰጣሽ። ነጩን አውልቀሻል፣ ሰማያዊ ለብሰሻል። ቀኝ እግርሽን ትጎትቻለሽ፤ ጉልበትሽን መጀመሪያ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። በመካከላችን ያለው መንገድ አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም። ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

የምለምንሽ ግንባሬን እንድትቀቢ አይደለም። ያን ለመጠየቅ ዓይን የለኝም። የምለምንሽ ይህን ደብዳቤ በደንባችን እንዳታነቢው ብቻ ነው። ዝም ብትዪ ተስማማች፣ ይቅር አለችኝ ብዬ አልወስደውም። ሦስት ቀን አልቆጥርም። ሠላሳም አልቆጥርም። ዝምታሽን ከእንግዲህ ለራሴ እንደሚመቸኝ አልተረጉመውም። ብትሰድቢኝ ስድብሽን፣ ብታባርሪኝ መባረሬን እቀበላለሁ። ግድግዳው ላይ ያልጻፍነው ያ ሌላኛው ደንብ ግን ትዝ እያለኝ ነው፤ ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ በሩ ይንኳኳል ያልሽው። የመጣሁት እሱን ብዬ ነው፣ በጣም ዘግይቼም ቢሆን።

ባቱሊ ደብዳቤውን ከነገ ጠዋቱ ወተት ጋር ታደርስልሻለች። አሁን ሻይ አቅርባልኝ ወተት ልትጨምርበት ስትል ተይው አልኳት፣ እንዲሁ ጠጣሁት።

አምላካችን ፓሹፓቲናት ጉልበትሽን ያጽናልሽ። አባትሽን ከመልካሞቹ ጋር ያኑርልሽ። ጣሪያሽ አያፍስ፣ ሎሚሽ ያፍራ፤ ቤትሽ ሰው አይጣ። አንቺ የለመንሽልኝ ዕድሜ ሁሉ ላንቺ ይሁን።

ወንድም አለኝ ብለሽ የነገርሻቸው